ሌላው በር

«ሥራውን ቢሰጧትስ? በየቀኑ ማን ተሸክሞ ሊያወርዳት ነው? እማዬ ወገቧ እስኪቀነጠስ?» አለ ወንድምየው፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። በዚያ ቤት ዝቅ ያለ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ቃል ቀርቶ ትንፋሽ ያሳልፋል። ወንድምየው በጠዋቱ የመጣው እናቱንና እህቱን በታክሲው ሊያደርሳቸው ነው፤ ሚስቱ ደውላ የት እንዳለ ስትጠይቀው ነው ይህን የመለሰላት። ክፋት የለበትም። ለእናቱ አዝኖ ነው፤ እንዲህ ያለው ሐዘኔታ ግን ከስድብ ብዙም አይርቅም። እናት በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት ውስጥ ተንበርክካ የልጇን ጫማ እያሰረች ነበር። ማሰሪያውን እንደያዘች እጇ ቆመ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥር ነበር፤ የእሷም ማበጠሪያ ቆመ። ከዚያ እናት ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገች፣ ልጅቷም ማበጠሯን ቀጠለች፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሰው ሆኑ።

ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ሚጣ ናት። እግሮቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አልታዘዙላትም። እናቷ በጀርባዋ አዝላ ትምህርት ቤት አመላልሳታለች፣ በጀርባዋ አዝላ ከኮሌጅ አስመርቃታለች። ዊልቸሩ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ዊልቸር ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ስለዚህ የሕንፃው ሰው ሁሉ እናቲቱን «አሳንሰሯ» ይላታል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፣ ያለችው እሷ ናት። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ «አሳንሰሯ ዛሬ መብራት አልጠፋባትም» እያሉ ይቀልዱባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች፤ እንዲያውም በስሙ ትኮራበታለች ማለት ይቻላል። የማይስቀው ጉልበቷ ነው። የቀኝ ጉልበቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደረጃ ስትወርድ ይከዳታል፤ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳትሸከም ቢያስጠነቅቃት «ልጄ ከባድ ነገር ናት እንዴ?» ብላ ተቆጥታው ወጥታለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሚጣ ግን እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ሁሉን ትሰማለች፤ ጉልበቱ ሲከዳ ትንፋሿ እንዴት ቀጥ እንደሚል ታውቃለች። እሷም አልተናገረችም። በዚህ ዓይነት ሁለቱ እየተሸፋፈኑ ክረምትና በጋውን አሳለፉት።

ዛሬ የሚሄዱት ለሥራ ፈተና ነው። ከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፣ አንባቢ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሚጣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፣ የቀራት ቃለ መጠይቁ ነው። ቃለ መጠይቅ ለእነሱ አዲስ አይደለም። የብዙ ቢሮ ደጅ ረግጠዋል፤ እናት ረግጣለች ቢባል ይቀላል። የሚሆነው ሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ዋናው በር ደረጃ አለው፤ ጥበቃው «በኋላ በኩል ዙሩ» ይላል፤ በኋላ በኩል እቃ የሚገባበትና ቆሻሻ የሚወጣበት በር አለ። ከዚያ እናት ቁጢጥ ትላለች፣ ልጅ ትታዘላለች፣ የተተኮሰው ቀሚስ ይጨማደዳል፣ ፈታኞቹ ፊት የምትቀርበውም ላብ ባጠመቃት አሮጊት ጀርባ ላይ ሆና ነው። ፈታኞቹ ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል። ቀጥሎ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለመሆኑ በየቀኑ ማን ያመጣሻል?» ይላታል። የጽሑፍ ፈተና ውጤቷን የሚያነሳ የለም። ይሄኛው ካመለጣት ሌላ ሥራ እንደማትሞክር ሚጣ ለእናቷ ነግራታለች። ሳትቆጣና ሳታለቅስ፣ ልክ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ሆና ነው የነገረቻት፤ እናት የፈራችውም ለዚህ ነው።

«ሻዩን ትንሽ ጎንጨት በይበት» አለች እናት። ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። ከቤት በምትወጣበት ቀን ውሃ በአፏ አይዞርም፤ የትም ብትሄድ የምትገባበት መጸዳጃ ቤት እንደሌለ ታውቃለች። እናትም ታውቃለች፤ ግን ሳትጠይቅ ማለፍ አይሆንላትም። ወንድምየው «እኔ ላዝላት እንጂ» ብሎ ነበር፤ ሚጣ በዚህ ዕድሜዋ ታናሽ ወንድሟ ጀርባ ላይ ከምትታይ ቤት ብትቀር ይሻላታል። እሱ ዊልቸሩን አጥፎ ቀድሞ ወረደ። እናት ቁጢጥ አለች፣ ሚጣ አንገቷን አቀፈቻት፣ እናት «በስመ አብ» ብላ ተነሣች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አንድ ትከሻ ግድግዳውን፣ አንዱ ትከሻ መደገፊያውን እየነካ ነው የሚወረደው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ «እሰይ አሳንሰሯ! ዛሬ በጊዜ ሥራ ጀመርሽ!» አለቻት። እናት እንደ ልማዷ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ጉልበቷ ከዳት፣ ትንፋሿ ቀጥ አለ፣ ሚጣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ እንደገና መውረድ ጀመሩ።

ታክሲው ውስጥ ወንድምየው ስለ ጎማ ዋጋ አወራ። ጎማ እንዲህ ከሆነ ነዳጅ ምን ሊሆን ነው፣ ነዳጅ እንዲህ ከሆነ ቤት ኪራይ የት ሊደርስ ነው እያለ ብቻውን ጠየቀ፣ ብቻውን መለሰ። እናት «እህ… እህ…» ትላለች። ሚጣ በመስኮት ትመለከታለች። ያያት ሰው መንገዱን የምታይ ይመስለዋል፤ እሷ ግን የጽሑፍ ፈተናው ላይ የጻፈችውን በልቧ እየደገመች ነበር፤ ምናልባት ዛሬ የሚጠይቃት ሰው ይገኝ ይሆናል። ወንድምየው አደባባዩ ዳር አቁሞ ዊልቸሩን አወረደላቸውና «ስትጨርሱ ደውሉልኝ፤ ሩቅ አልሄድም፣ መቼም ቶሎ ነው የምትጨርሱት» አለ። የተናገረው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ጆሮው ቀላ፣ ቶሎ ብሎ ወደ መሪው ዞረ።

እናት ሚጣን ወንበሯ ላይ አስተካክላ ስታበቃ ሕንፃውን ተመለከተች። ሌላ ሰው አዲስ ሕንፃ ሲያይ ከፍታውን፣ መስታወቱን ያደንቃል። እሷ መጀመሪያ የምታየው ታች ታቹን ነው፤ ደረጃውን ትፈልጋለች፣ ስንት ጊዜ ቆማ እንደምታርፍ ትገምታለች። ዛሬ ደረጃ አላየችም። ፊት ለፊት ያለው ሰፊ የመስታወት በር ነው፤ ቦርሳ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ይገቡበታል። ስለዚህ የራሷን ሥራ ሠራች፤ ዊልቸሩን እየገፋች በግራ በኩል ሕንፃውን ዞረች። ጎኑን አለፈች፣ መስታወት ነው፤ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ያነባሉ። ጀርባውን አለፈች፣ ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ የቆሻሻ በርሜል የለ፣ የእቃ መግቢያ የለ፣ የተቆለፈ ብረት በር የለ። ዞራ ዞራ ከተነሣችበት ቦታ ደረሰች። ላብ አጥምቋታል።

«እማ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች ሚጣ።

«በሩን ነዋ!»

«በሩ ይኸውልሽ ፊትሽ።»

«እሱማ የሰው በር ነው» አለች እናት።

እናት ምን እንዳለች ያወቀችው ከተናገረችው በኋላ ነው። ለመሸፋፈን ያህል ወደ ጥበቃው ጠጋ ብላ «ልጄ፣ እስቲ ሌላውን በር አሳየኝ» አለችው። ጥበቃው ጎልማሳ፣ ፊቱ ፈገግታ የለመደ ሰው ነው። «የቱን ሌላ በር እማማ?» «እቃ የሚገባበትን። እኛ የምንገባበትን።» ሰውየው ዊልቸሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ዞሮ ደግሞ ሕንፃውን አየው፤ የጠየቀችውን ሊያገኝላት ከልቡ አሰበ። በመጨረሻ «ኧረ ሌላ በር የለውም እማማ» አለ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል አቀርቅሮ። «መጽሐፉም በዚህ ነው የሚገባ፣ አለቃዬም በዚህ ነው የሚገቡ።»

አላመነችውም። ሚጣን እስከ በሩ አፍ ገፋቻት። እዚያ ስትደርስ እግሯ የለመደውን ሠራ፤ ከዊልቸሩ ፊት ዞራ ቁጢጥ አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ዘረጋች። ሰው በግራ በቀኝ እያለፋት ይገባል። «ያዢኝ እንጂ» አለች። «እማ፣ ተነሺ» አለች ሚጣ ቀስ ብላ። «ደረጃ የለም። ወደ ታች እዪ።» እናት ቁጢጥ እንዳለች አየች። ከአደባባዩ የመጣው የድንጋይ ንጣፍ ሳይቋረጥ፣ ጣት የሚያህል ከፍታ እንኳን ሳይኖረው፣ በመስታወቱ ሥር አልፎ ውስጥ ድረስ ይሄዳል። መንገዱና ወለሉ አንድ ናቸው። መዳፏን አሳርፋ ዳበሰችው፤ ድፍን ለስላሳ ነው። አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ይህን ሲያስብ ውሎ አድሯል። ዕድሜዋን ሙሉ ከደጅ ስትመልሳት የኖረችውን ያቺን ከፍታ ከመሬት አንሥቶ ወስዷታል። በሩ በራሱ ተከፈተ፣ ሚጣ ጎማዎቿን ራሷ ይዛ ገባች፤ እናት እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ቀረች፣ ጥበቃው መጥቶ በክንዷ ደግፎ አስነሣት።

ውስጡን ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች። አዳራሹ ክብ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሰፊ መንገድ ቀስ እያለ፣ እየተጠማዘዘ፣ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ መጻሕፍቱ በዚያ መንገድ ዳር ዳር ተደርድረዋል። መውጫውም መደርደሪያውም እሱ ነው። ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ይወጣበታል፤ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ትወርድበታለች፤ መጽሐፍ የጫነ ተሽከርካሪ መደርደሪያ የሚገፋ ሠራተኛ እያፏጨ ያልፋቸዋል። መደገፊያው ድርብ ነው፣ አንዱ ለቆመ ሰው፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ። ወለሉ ላይ ሸንተረር ያለው ቢጫ መስመር ተዘርግቷል፤ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት በበትሩ መስመሩን እየነካ፣ በስልኩ እያወራና እየሳቀ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ወደ አንድ ክፍል ገባ። እናት በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ አንድ ነገር ልብ አለች፤ ከገቡ ጀምሮ ከንፈሩን የመጠጠላቸው ሰው የለም። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ጭራሽ አንዷ ተማሪ ሚጣን «ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ ትዪልኝ?» ብላ ከኋላዋ ያለውን መጽሐፍ ወሰደች። ሚጣ ጠጋ አለችላት። ለሰው ቦታ መልቀቅ እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን እናት አታውቅም ነበር፤ የልጇን ፊት አይታ ነው ያወቀችው።

መጸዳጃ ቤቱ በአዳራሹ ጥግ ነው፤ ሰፊው በር ላይ የዊልቸር ሥዕል አለበት። ሚጣ ቆም ብላ አየችው። «ልግባ» አለች። እናት ቦርሳዋን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ብቻዬን» አለች ሚጣ። በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። እናት በሩ ፊት ቀረች። እጇን የምታደርግበት ጠፋት። ከቤት ውጭ በሁለቱ መካከል በር ተዘግቶ አያውቅም። «ሚጣ?» ብላ አንኳኳች። «ደህና ነኝ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንኳኳች። «የምትይዢው አለ?» «ብረት አለ እማ፣ ግድግዳው ላይ።» ሦስተኛ ስታንኳኳ «እማ!» የሚል ቁጣ መጣ፤ ቁጣው ውስጥ ሳቅ ነበረበት። ሚጣ ስትወጣ እጇን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ነበር። «መስታወቱ ግን ለረጃጅሞች ነው የተሰቀለው፤ ግንባሬን ብቻ ነው ያየሁት» አለች፤ የገባች ቀን እንከን ማውጣቷ እናትን አስደነገጣት፣ ሰው ቤት ገብቶ እቃ የሚነቅፍ እንግዳ መስላታለች። ሚጣ ግን የመጠጥ ውሃው ጋ ሄደች፣ ቧንቧው በልኳ ነው፣ ጎንበስ ብላ ጠጣች፤ ቀና ብላ ተንፍሳ እንደገና ጠጣች። እናት ቆማ አየቻት። በየደጁ በውሃ ጥም የዋለችባቸው ቀናት ሁሉ ፊቷ ድቅን አሉ፣ እንባዋ መጣ፣ ዘወር ብላ በነጠላዋ ጠረገችው።

ቃለ መጠይቁ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሚጣ እንዳይረፍድባት በአሳንሰር እንሂድ አለች፤ የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። እናት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያ ሁሉ ዓመት በስሙ ስትጠራ ኖራ አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም። «ነይ እንጂ፣ ሞክሼሽ ነው» አለቻት ሚጣ። እናት እየሳቀችም እየፈራችም ገባች፣ የልጇን ትከሻ ያዘች። ቁልፎቹ ዝቅ ብለው ነው የተሠሩት፤ ሚጣ እጇን እንኳን ሳታነሣ ነካቻቸው። ወለሉ ሽቅብ ሲገፋት እናት የምትይዘው ፈልጋ የያዘችውን ትከሻ ጨመቀችው፤ ሚጣ «አይዞሽ» አለቻት። እስከ ዛሬ ሲወጡ አይዞሽ የምትለው እናት ነበረች። «መጨረሻው ፎቅ» አለ ከጣሪያው አንድ የሴት ድምፅ። «እኔ እንኳ እንዲህ እየተናገርኩ አልወጣሁም» አለች እናት፣ ሁለቱም ሳቁ፤ ሚጣ እየሳቀች ነው የፈተናው ክፍል ውስጥ የገባችው፣ በራሷ ጎማ፣ ቀሚሷ ሳይጨማደድ።

እናት ውጭ ተቀመጠች። ቀጥሎ ግን መቀመጥ አቃታትና ያን ጠመዝማዛ መንገድ ብቻዋን ወረደችው። ጉልበቷ አልከዳትም። ታች ደርሳ ተመልሳ ወጣችው፣ መሐል ላይ ለማረፊያ የተሠራ መቀመጫ አገኘች፤ ይሄም ታስቦበታል። ለስንት ሰው ብለው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሠሩት? ይህን ስታስብ ሽማግሌው ከዘራውን እያስቀደመ ከአጠገቧ መጥቶ አረፍ አለ፤ «ተባረኩ፣ የሠሩት ሰዎች» አለ ወደ ማንም ሳይመለከት፣ «ደረጃ ቢሆን እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» እናት ዕድሜ ልኳን ፈጣሪዋን ስለ ልጇ እግር ስትለምነው ኖራለች። እግሯን ስጣት ትላለች፣ ካልሰጠሃትም ለእኔ ጉልበት ስጠኝ ትላለች። ደረጃ ከሰማይ የወረደ ይመስላት ነበር፤ እንደ ተራራ፣ እንደ ወንዝ። ለካ ደረጃን ሰው ነው የሚያስቀምጠው፣ ሰው ደግሞ ሊያነሣው ይችላል። የሚጣ እግር ዛሬም ያው እግር ነው፣ ያው ዊልቸር ነው፤ እንዲህ ሆና ሳለ ነው ሁሉ ቦታ የደረሰችው። ደስ አላት፤ ደስታው ውስጥ ግን ንዴት ነበረ፣ ያለፈውን ሁሉ ለማን አቤት እንደምትል አላወቀችም።

በሩ ሲከፈት ከሚጣ ጋር አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት ወጡ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። «ልጅዎ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች» አሏት። «የጽሑፍ ፈተናው ላይ የጻፈችውን ሳነብ ማን እንደሆነች ለማየት ቸኩዬ ነበር።» ሚጣ አንገቷን ደፍታ ጎማዋን ታያለች፣ ፊቷ በርቷል። እናት ማመስገን ነበረባት። አፏ ግን ለዓመታት ሲጠየቅ የኖረውን ይዞ ወጣ፤ «በየቀኑ ማን ያመጣታል?» አለች። ኃላፊዋ አልገባቸውም። «ወዴት ነው የሚያመጧት?» «እዚህ ነዋ፣ ሥራ።» ሴትየዋ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት፣ ከዚያ ወደ ታች አዳራሹን አዩ፣ የቸገራቸው ነገር ያለ አይመስልም። «ሠራተኛ እንዴት እንደሚመጣ እኛ አንጠይቅም እናቴ፤ ጠዋት በሰዓቷ ትምጣ፣ ማታ ተራ የሚደርሳት ቀን አለ፣ ያኔ ታመሻለች። ከዚህ በር ወዲህ ያለውን እኛ አስበንበታል።» ከዚያ በር ወዲያ ያለውን ማን እንደሚያስብበት እናት ታውቀዋለች።

ወንድምየው ሲደውሉለት ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ወሬውን ሲሰማ መኪናውን መሐል መንገድ ላይ ሊያቆመው ምንም አልቀረው። «እልልልል!» አለ ብቻውን፣ ክላክሱን አስጮኸው። ትንሽ ሄዶ ግን ክላክሱን ተወው። ማርሽ ቀየረ፣ በመስታወቱ እናቱን አያት፣ እህቱን አያት። ጠዋት በስልክ ያለው ነገር አሁንም እውነት ነው፤ ደረጃው እዚያው አለ፣ የእናቱም ወገብ እዚያው አለ። ሰኞ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሦስቱም ይህንኑ እያሰቡ ሄዱ፤ ዛሬ ስለ ጎማ ዋጋ እንኳ የሚያወራ ጠፋ።

ሕንፃቸው ሥር ሲደርሱ ወንድምየው ዊልቸሩን ከመኪናው አውርዶ ሚጣን እስከ ደረጃው አፍ ገፋት። እናት ቁጢጥ አለች። የሚጣ ክንዶች አንገቷ ላይ ሲያርፉ ተሰማት፤ ቀስ ብለው ነው ያረፉት፣ ጉልበቷን እንደሚያውቁ ክንዶች። «ቆይ» አለች እናት። ክንዶቹን ከአንገቷ አላቀቀች፣ መደገፊያውን ይዛ ተነሣች፣ ከደረጃው ጎን ያለውን የምድር ቤት በር አንኳኳች።

እዚያ የሚኖረው ሰዓት ሠሪ ነው። ብቻውን የሚኖር፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራል። አንድ ዓይኑ ላይ የሚገጥማትን ማጉያ ወደ ግንባሩ ሰቅሎ በሩን ከፈተ። «እትዬ! ደህና ዋሉ? ይግቡ።»

«ያኔ ያልከኝ ነገር» አለች እናት፣ ልጇን ሳታይ። «አሁንም እንዳለ ነው?»

«የቤቱ ነገር? እኔማ ዓይኔ አለቀ፤ ዛሬ ቢሉኝ ዛሬ እወጣለሁ። እንቢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«የምን የቤት ነገር?» አለች ሚጣ።

ሰዓት ሠሪው እናትን አየ፣ ሚጣን አየ፤ ያልሆነ ቦታ እንደገባ ሲገባው ረፍዶበት ነበር። «ቤት እንቀያየር ብያቸው ነበር፣ ካቻምና» አለ እየተንተባተበ። «የእናንተ ቤት ብርሃን አለው፣ የእኔ ቤት ደረጃ የለውም ብዬ… አልነገሩሽም እንዴ?»

ሚጣ ወደ እናቷ ዞረች። እናት ነጠላዋን ጫፉን ይዛ ታፍተለትላለች። ያን ጊዜ ሰዓት ሠሪው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ሲጠይቃት «ጀርባዬ እያለልኝ ምን ሲባል!» ብላ በሩን ዘግታበታለች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «ምድር ቤት ከሆንን ትወጪብኛለሽ ብዬ ነው» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ። «መንገዱን ፈራሁት፣ መኪናውን፣ የሰውን ዓይን። እላይ ከሆንሽ ያለ እኔ የትም አትሄጂም። ዛሬ እዚያ ቤት ሰው ሁሉ ሲገባ ሲወጣ አየሁና… ልጄ፣ እኔም ካስቀሩሽ ነገሮች አንዷ ነኝ።»

ሚጣ አልተቆጣችም፣ አላቀፈቻትምም። ወንድሟ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችው። ካቻምና ማለት የትኞቹ ቢሮዎች እንደነበሩ፣ የትኞቹ ደረጃዎች፣ የትኞቹ የእናቷ ትንፋሾች፣ ሁሉም በፊቷ ላይ ሲያልፉ ይታያሉ። ከዚያ ጎማዎቿን ያዘች። የሰዓት ሠሪው ደፍ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ተንደርድራ ዘለለችው፣ ገባች። ጨለማ ቤት ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ሁሉ በሚቆጥሩ ሰዓቶች ተሞልቷል። ሳሎኑን ዞረችው፣ ማድ ቤቱን አየችው፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ጎማዋ መቃኑን መታና ቆመች። «ሜትር አለህ?» አለችው ሰዓት ሠሪውን። አቀበላት። አንዱን ጫፍ ራሷ ያዘች፣ ሌላውን ወደ በሩ ዘረጋችው።

«እማ፣ ግቢ። ያዢልኝ።»

እናት ገባች፣ ጫፉን ያዘች። ሚጣ በሩን ለካች፣ ዊልቸሯን ለካች። «አይበቃም» አለች። «ይሄ ግድግዳ ይፈርሳል።»

«ግድግዳ እኮ ነው ሚጣ!» አለ ወንድሟ ከበሩ።

እናት ልጇን አየቻት። በመኖሪያ ቤታቸው ግድግዳ ይፈርሳል ብሎ የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። የሜትሩን ጫፍ ሳትለቅ ወደ ወንድ ልጇ ዞረች።

«መኪናህ ውስጥ መዶሻ አለ?» አለችው።

ሰዓት ሠሪው አንዴ አያትና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ማውረድ ጀመረ።